እሳቱ እንቢ ሲል፦ ከጎንደር ለሽርሽርና ለተራራ ጉዞ ለሚወጡ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ያደገ ሰው እሳት ማያያዝ ያቅተኛል ብሎ አያስብም። ቤት ውስጥ ልክ ነው፣ አያቅተውም። ከሰሉ ደረቅ ነው፣ ምድጃው ከነፋስ የተከለለ ነው፣ ካልሆነም ከጎረቤት ፍም ተጭሮ ይመጣል። ያው ሰው ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ኮሶዬ ሄዶ ቡና ላፍላ ሲል ግን ግማሽ ክብሪት ጨርሶ የሚተርፈው የጭስ እንባ ነው። ከዚያ ጥፋቱ በሙሉ በክብሪቱ ይላከካል።

ክብሪቱ ብዙ ጊዜ ንጹህ ነው። የሜዳ እሳት የሚበላሸው ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት ነው። እንጨት ሲመረጥ፣ ሲፈለጥ፣ ሲደረደር ያልተሠራ ሥራ በኋላ በእፍታ አይካካስም። ከታች የእናንተን ችግር ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ክብሪቱ አይጫርም፣ ላይተሩ ብልጭ ብሎ ይቀራል

ክብሪት ሁለት ነገር ነው፤ እንጨቱና የቀፎው ጎን። የሚያስነሳው ኬሚካል ግማሹ ያለው ጎኑ ላይ ነው። ኪስ ውስጥ ላብ ከነካው ወይም ተፍቆ ካለቀ፣ እንጨቶቹ ደህና ቢሆኑም ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ ቀፎውን እንዳለ፣ ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። የመድኃኒት ብልቃጥ ከሆነ የቀፎውን ጎን ቆርጣችሁ ከእንጨቶቹ ጋር አስገቡ።

ላይተር ደግሞ ብርድ አይወድም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጋዝ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ወደ አየርነት መለወጥ ይሳነዋል። ደባርቅ ላይ ማለዳ ላይተሩ ሞተ ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ብብታችሁ ስር ትንሽ አቆዩት። ተራራ ለመውጣት ስትገዙም በአውራ ጣት የሚሽከረከር ጎማ ያለውን ምረጡ። ጠቅ ተደርጎ የሚነሳው ከፍታ ላይ ያስቸግራል። ከሁሉም የሚሻለው ሁለቱንም፣ ክብሪትም ላይተርም፣ በተለያየ ኪስ መያዝ ነው።

ወረቀቱ ነደደ፣ እንጨቱ ግን አልያዘም

ከሁሉም የሚበዛው ችግር ይሄ ነው። አንድ ሙሉ ጋዜጣ ይነዳል፣ ሁሉም «ያዘ! ያዘ!» ይላል፣ ከደቂቃ በኋላ ጥቁር አመድና ጫፉ የጠቆረ ፍልጥ ይቀራል።

ምክንያቱ የውፍረት ዝላይ ነው። ወረቀት ቶሎ ነዶ ቶሎ ያልቃል። የክንድ ያህል የወፈረ እንጨት ደግሞ ሙቀቱን ውስጡ እየዋጠ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ ነገር ከሌለ እሳቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

መፍትሄው በሦስት ውፍረት ማዘጋጀት ነው። መጀመሪያ ክብሪት እንጨት የሚያህል ጭራሮ፣ ቀጥሎ እርሳስ የሚያህል፣ ከዚያ አውራ ጣት የሚያህል። ትልቁ ፍልጥ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጠኑ ላይ አትሰስቱ። ሰው አንድ ጭብጥ ጭራሮ ሰብስቦ በቃኝ ይላል። እኔ ከቀጭኑ ብቻ አንድ እቅፍ ካልሞላ ክብሪት አላወጣም። ሁሉም ከእጃችሁ አጠገብ መሆን አለበት፤ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ጭራሮ ፍለጋ መሮጥ ማለት ተመልሶ አመድ ማግኘት ነው።

የመስቀል ችቦ አስታውሱ። ቀጫጭን ደረቅ እንጨት አንድ ላይ ታስሮ ጫፉ ላይ ሲለኮስ ወረቀትም ላምባም ሳይፈልግ ይንቦገቦጋል። የእጅ ሙሉ ጭራሮ እንደዚያ አስራችሁ ጫፉን ብትለኩሱትና ዘቅዘቅ ብታደርጉት፣ ነበልባሉ ራሱ ወደ ላይ እየወጣ የቀረውን ይይዘዋል። ከዚያ መሬት አስቀምጣችሁ በላዩ እርሳስ የሚያህለውን ደርድሩበት።

ለመለኮሻ የሚሆነው ነገር ደግሞ በየመንገዱ አለ። ከባህር ዛፍ ግንድ ላይ ተልጦ የሚንጠለጠለው ደረቅ ቅርፊት አንደኛ ነው፤ ቅጠሉም ዘይት ስላለው እየተንጣጣ ይነዳል። የጽድ ቅርፊት በሁለት መዳፍ መካከል ሲታሽ እንደ ጥጥ ይባዘታል። ከቤት ይዘን እንውጣ ካላችሁ ጥጥ በቫዝሊን አሽታችሁ በላስቲክ ቋጥሩ። ስትለኩሱት ትንሽ በጠስ በጠስ አድርጋችሁ የጥጡ ክር እንዲታይ አድርጉ፤ ለጥቂት ደቂቃ ሳይጠፋ ይነዳል። የኔ ምርጫ ግን ጧፍ ነው። ሰም የጠጣ ክር ስለሆነ ዝናብ አይበግረውም፤ የጣት ያህል ቁራጭ ከጭራሮው ስር ሲገባ ክብሪቱ የማይሰጣችሁን ጊዜ ይሰጣችኋል። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሚሸጡት አንዱን ገዝታችሁ ቦርሳ ውስጥ ጣሉት።

ጭስ ብቻ፣ ነበልባል የለም

ነጭ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ካያችሁ እንጨቱ ውሃ ይዟል። እንጨት ነበልባል የሚያወጣው ሙቀቱ ከ250 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው። ውስጡ ውሃ እያለ ግን ሙቀቱ በሙሉ ውሃውን በማትነን ያልቃል፣ እንጨቱም እዚያ መድረስ አይችልም። ገና የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ማገዶ የሚባለው ውሃው ከ20 በመቶ በታች የወረደለት ነው።

ከደረቅ ጋር እርጥብ ይቃጠላል ይባላል። ምሳሌው እውነት የሚሆነው ግን ደረቁ ሲበዛ ነው። እርጥቡ ከበዛ ደረቁን ይዞት ይጠፋል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ጭራሮውን ስበሩት፤ ደረቅ ከሆነ ቀጭ ይላል፣ እርጥብ ከሆነ ይለምጣል። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጩ፤ ደረቁ ይጮሃል፣ እርጥቡ ዱብ ይላል። ከተጠራጠራችሁ ፈልጣችሁ የውስጡን ገጽ ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት፤ እርጥበት ካለው ይቀዘቅዛችኋል። እጅ ይሳሳታል፣ ጉንጭ ግን አይዋሽም።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎንደር ዙሪያ ደረቅ እንጨት የለም የሚል ሰው መሬት መሬቱን እያየ ነው። መሬት ላይ የተኛ እንጨት እንደ ስፖንጅ ነው። ቀና በሉ። ዛፍ ላይ እንዳለ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ወይም ወድቆ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ፣ ዝናብ ቢመታውም የሚረጥበው ከላይ ነው። አንድ የበቅሎ ነጂ ለአንድ የከተማ ልጅ ሲመልስ የሰማሁት ይበቃል። ልጁ «አያ፣ ላይተሩ አልሠራም አለኝ» አለው። «ላይተሩ ምን በደለህ ልጄ? የረጠበው ልብሱ ነው፤ አውልቅለት» አለና እንጨቱን በገጀራ ለሁለት ከፈለው።

ሙሉ ዘዴው ያ ነው። የእጅ አንጓ የሚያህል የቆመ ደረቅ ቅርንጫፍ ወስዳችሁ ለአራት ፈልጡት። የረጠበውን ቅርፊት ጣሉ። የውስጡን ማዕዘን ወደ ላይ አድርጋችሁ በቢላ ከላይ ወደ ታች ላጩ፤ ቢላውን ጋደም አድርጉት፣ ልጣጩም መጨረሻው ላይ ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ይቅር። ሌላ ሌላም ጨምሩበት። እንጨቱ ጫፉ ላይ የተጠቀለለ ጽጉር ያወጣ ሲመስል በቃው። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ እንጨት ካላችሁ ወረቀት አያስፈልግም፤ ክብሪቱን ከጽጉሩ ስር ያዙ። ልጣጩ የወፈረ ከሆነ አይይዝም፤ ብርሃን ካሳለፈ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ያወፍራል፣ እጅ የሚለምደው ቤት ተቀምጦ በተረፈ እንጨት ሲሞከር ነው።

እሳቱ ከተያያዘ በኋላ እርጥቡን አትናቁት። ዙሪያውን ደርድሩት፣ እየደረቀ ይጠብቃችኋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ቁልቋል ማገዶ አይደለም። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ጭሱም ያቃጥላል። ደርቆ ብታገኙትም እለፉት።

ተያያዘ ስንል ይሞታል

እንጨቱ ደረቅ ከሆነና ይሄ ከተከሰተ አደራደሩን እዩ። በጣም ከተጠቀጠቀ አየር አይገባም፣ በጣም ከተራራቀ አንዱ ሌላውን አያሞቅም። በሁለት እንጨት መካከል የአንዱን ውፍረት ያህል ክፍተት ይበቃል። እሳቱ ታፍኖ ከሆነ በእንጨት ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉትና ከስሩ፣ ፍሙ ላይ፣ ረዥምና ቀስ ያለ እፍታ ስጡት። ከላይ ነበልባሉ ላይ እፍ ማለት ማጥፋት ነው።

መሬቱ ራሱም ሌባ ነው። ረግረግ ወይም ጤዛ የያዘ መሬት ሙቀቱን ከታች ይበላል። አውራ ጣት የሚያህል እንጨት ጎን ለጎን አንጥፋችሁ በላዩ ጀምሩ።

ነፋሱ አላስቀመጠን አለ

ኮሶዬ ላይ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ እይታው ያምራላ። ነፋሱም የሚወጣው በዚያው በኩል ነው። እይታውን ለምሳ ተዉትና እሳቱን ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ፣ ከድንጋይ ጀርባ አድርጉት። ስትለኩሱ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ከነፋሱ በኩል ለኩሱ፤ ነበልባሉ ወደ እንጨቱ ይገፋል። ለጉልቻ ድንጋይ ከወንዝ ውስጥ አታውጡ። ውስጡ የገባው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል።

እሳቱ ጥሩ ነው፣ ጀበናው ግን አይፈላም

ነበልባል ያምራል እንጂ አያበስልም። የሚያበስለው ፍም ነው። ጀበናውን ቶሎ መጣድ ልጅ እሳትን ማቀዝቀዝ ነው፤ ወይራ ወይም ግራር ካላችሁ ፍሙ ይቆያል፣ ባህር ዛፍ ብቻ ከሆነ ቶሎ ቶሎ መጨመር አለባችሁ። ኩበት ካገኛችሁ እሱ ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ከያዘ ግን ነፋስም ቢመጣ ፍሙን አይለቅም።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ሳንቃበር ደርሳችሁ ድንች አልበስል ካለ ግን እሳቱን አትሳደቡ። ወደ 3,250 ሜትር ላይ ናችሁ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው፣ ውሃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እየተንፈቀፈቀ ያለው ውሃ ከቤታችሁ ውሃ ያነሰ ትኩስ ነው። ክዳን ግጠሙና ታገሱ።

እዚያ ላይ እሳቱ በጋዝ ምድጃ ቢሆን ነው የሚሻለው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ከውስጡ እንጨት መልቀም ክልክል ነው። አስታ ዛፉና የጓሳ ሣሩ በጋ ላይ እንዴት እንደሚነዱ በ2011 ዓ.ም. አይተናል፤ ያን ቃጠሎ ለማጥፋት ከውጭ አገር ባለሙያና ሄሊኮፕተር እስከ መጥራት ተደርሷል። አብሯችሁ ያለው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ እዚህ አይነደድም ካለ አትከራከሩት።

ትንሽ ላምባ ጠብ እናድርግበት?

ከመለኮሱ በፊት እንጨቱ ላይ ትንሽ ላምባ ነክቶ ዕቃውን ማራቅ ይቻላል። የጠፋ በሚመስል ፍም ላይ ግን በፍጹም። ላምባው ፍሙ ላይ ይተንና በአንድ ጊዜ ቦግ ሲል ነበልባሉ እጃችሁ ላይ ወዳለው ዕቃ ይመለሳል። ቤንዚን ጭራሽ አይታሰብም፤ ትነቱ እናንተ ሳታዩት መሬት ለመሬት ተስቦ ክብሪቱ ጋ ይደርሳል።

ብርድ ነው ብሎ የከሰል ማንደጃ ድንኳን ውስጥ ማስገባትም ያው ነው። ጭስ የሌለው ፍም የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። አምባ ጊዮርጊስ ምንም ያህል ቢበርድ ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ ፍም ይዛችሁ አትግቡ።

አጥፍተነው ሄድን፣ በኋላ ጭስ ታየ

ቤት ውስጥ እሳት ሲዳፈን አመድ ይለብስና ለነገ ያድራል። ሜዳ ላይ አፈር አልብሶ መሄድም ያንኑ ማድረግ ነው፤ እሳቱን አላጠፋችሁትም፣ አሳደራችሁት። ፍሙ በሣር ሥርና በደረቀ ብስባሽ ውስጥ ለውስጥ ሊሄድ ይችላል።

ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ። ግንዶቹን ገልብጣችሁ ስራቸውንም አርጥቡ። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ መጀመሪያ ከላዩ ጠጋ አድርጉ፣ ሙቀት ካልተሰማችሁ አስነኩት። ለብ ካለ ገና ነው። ውሃው ካጠረ ያለውን ከአፈር ጋር ለውሳችሁ እስኪቀዘቅዝ አማስሉት። የጀሪካን ውሃ በሙሉ ለጀበናና ለእጅ መታጠቢያ እንዳይጨረስ ከቤት ስትወጡ ለማጥፊያው ለብቻ ያዙ።