አስተያየት ለባልደረባ፦ እንዴት ይነገራል፣ እንዴትስ ይሰማል?

«ግምገማ» ሲባል ብዙ ሠራተኛ ትዝ የሚለው በስብሰባ ፊት ሰው ሲብጠለጠል ነው። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ፊት ለፊት ያልተባለው ነገር ቡና ላይ ይባላል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ የአፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ላይ ዝቅ ያለ ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ሠራተኛው ያኔ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

መድኃኒቱ ነገሩ ትንሽ ሳለ፣ ቶሎና ለብቻ መናገር ነው። ስህተቱ ከታየ ከሁለት ቀን አይለፍ፤ ንዴት ላይ ከሆኑ ግን አንድ ሌሊት ያሳድሩት። አርብ ከሰዓት አይመከርም፤ ሰውየው ቅዳሜና እሑድን ሲያብሰለስለው ይከርማል። የቴሌግራም ግሩፕ ላይማ በፍጹም። አሥር ደቂቃና አንድ ጉዳይ ይበቃል።

ከመጥራትዎ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ምን አዩ (ቀንና ቁጥር)፣ ምን አስከተለ፣ ከአሁን በኋላ ምን ይፈልጋሉ። «ግዴለሽ ነህ» የሚል ነገር ከጻፉ ይሰርዙት። ጠባይ ላይ የተሰጠ ፍርድ ስለሆነ ሰውየው ነገ ጠዋት ምኑን እንደሚያርም አይነግረውም።

ዕቃ ግምጃ ቤት በዕድሜ የሚበልጥዎ ሠራተኛ አሉ እንበል። ሞዴል 22 (ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚሞላው ቅጽ) ሳይፈረም ቀርቷል። «ጋሼ፣ ማክሰኞ ከወጡት ሞዴል 22ዎች ሦስቱ የተቀባይ ፊርማ የላቸውም። ሂሳብ ክፍል ስለመለሳቸው የወር መዝጊያው ሁለት ቀን ዘገየ። ምን አጋጥሞዎት ነው?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን አይሙሉት። «ሹፌሩ ‹ስመለስ እፈርማለሁ› ብሎ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል» የሚል መልስ ከመጣ ችግሩ ያለው በር ላይ ነው ማለት ነው። ጥበቃው የተፈረመ ኮፒ ሳያይ መኪና እንዳያሳልፍ ይነገረዋል። ምክንያቱን ሳይጠይቁ ቢወቅሱ ኖሮ ጋሼን ያስቀይማሉ፣ ፊርማውም አይመጣም።

«ጎበዝ ነህ፣ ግን…» የሚለውን መግቢያ ይተዉት። ሰሚው የሚጠብቀው «ግን»ን ብቻ ነው፤ ምስጋናውም ማባበያ ይመስለዋል። ምስጋና ለብቻው፣ የተመሰገነውን ሥራ በስም ጠርቶ ይሰጥ። ስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች እያረፈዱ ነው» ማለትም አይጠቅም፤ በሰዓቱ የሚገባው ይሳቀቃል፣ የሚያረፍደው ስለ ሌላ ሰው የተወራ ይመስለዋል።

አስተያየትና ማስጠንቀቂያም አይደባለቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ የሥራ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ የሰጡት ማስጠንቀቂያ ከሆነ ማስጠንቀቂያ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ እንደ ምክር ሸፍኖ መስጠት ወጥመድ ነው። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ስለማይበልጥ፣ አዲስ ሠራተኛን በ20ኛውና በ40ኛው ቀን አካባቢ ያነጋግሩት። በ59ኛው ቀን የሚነገረው ማሰናበቻ እንጂ አስተያየት አይደለም።

ተቀባይ ሲሆኑ ከባዱ ነገር አለመከላከል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ይጻፉ እንጂ አያስረዱ። ነገሩ ጥቅል ከሆነ «የትኛው ሪፖርት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ የተረዱትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሩ። ካልተስማሙ «ላስብበትና ነገ እመለሳለሁ» ማለት ነውር የለበትም፤ ግን በእርግጥ ይመለሱ። ለአለቃዎ አስተያየት ካለዎት አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፦ «ስለ ሰኞው ስብሰባ አንድ ነገር ብነግርዎት ደስ ይለኛል፤ አምስት ደቂቃ ይኖርዎታል?»

በመጨረሻ «እሺ» በሚለው ቃል አይሸወዱ። ብዙ ጊዜ «ሰማሁ» ማለት ነው እንጂ «አደርገዋለሁ» ማለት አይደለም። «ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ቀን ያስቆርጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግምጃ ቤት ወርደው ቅጾቹን ያገላብጡ፤ ፊርማው ካለ እዚያው «ጋሼ፣ ሁሉም ተፈርሟል፣ ሂሳብ ክፍልም አንድ አልመለሰም» ይበሏቸው።