ለትልቅ የሪሞት አውሮፕላን የቤንዚን ሞተር አመራረጥ፦ ጅማ ላይ ለምትበሩ

የቤንዚን ሞተር ልትገዙ ካሰባችሁ ሲሲውን (የሞተሩን መጠን) ከመጠየቃችሁ በፊት የምትበሩበትን አየር እወቁ። ሻጮች የሚለጥፉት የጉልበትና የግፊት (ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደፊት የሚገፋበት ኃይል) ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል አካባቢ የሚሠራ ነው። ጅማ ደግሞ 1,750 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሲገባ ደግሞ ጉድለቱ ወደ 22 በመቶ ይጠጋል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ነው፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ነው፣ ክንፉም የሚደገፈው አየር ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም አንድ ላይ ይጎዳሉ።

ብዙ ሰው ይሄን የማያየው ዙር መቁጠሪያው ስለሚያዘናጋው ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ፕሮፔለሩም የሚቀዝፈው አየር ቀጭን ስለሆነ ይቀልለዋል። ሁለቱ ይካካሱና ሞተሩ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚመታውን ዙር እዚህም ይመታል። ባለቤቱ «ሞተሬ ሙሉ ነው» ይላል። ግፊቱ ግን በአየሩ ልክ ወርዷል።

እውነቱን የሚነግራችሁ ሚዛን ነው። ገበያ ላይ እህል የሚመዘንበት ዓይነት የሚንጠለጠል ሚዛን ፈልጉ። አንዱን ጫፍ ከጠንካራ ግንድ ወይም መሬት ውስጥ በደንብ ከገባ ችካል ጋር እሰሩት፣ ሌላውን ጫፍ የአውሮፕላኑን አካል ከጅራቱ ክንፍ ፊት ለፊት በሰፊ ቀበቶ ጠምጥማችሁ አያይዙት። ቀጭን ገመድ አካሉን ይቆርጠዋል። መሬቱ ደልዳላ ይሁን። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ ነዳጅ ስጡትና ቁጥሩን ከኋላ ሆናችሁ አንብቡ። ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን ማንም አይቁም፣ ቪዲዮ የሚቀርጸውም ጭምር።

አሁን ወደ ምርጫው። መነሻው የአውሮፕላኑ ክብደት ነው፤ ባትሪው፣ ሰርቮው (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር)፣ ሞተሩ ሁሉ ገብቶ፣ ታንኩም ሞልቶ። እንደ ፓይፐር ከብ ላለ ረጋ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን የክብደቱ ግማሽ የሚሆን ግፊት ይበቃዋል፣ ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ደግሞ ደስ ይላል። መገለባበጥ ለሚወድ ሰው ግፊቱ ከክብደቱ እኩል ወይም በለጥ ያለ መሆን አለበት። አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቁሞ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት የሚፈልግ ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ያስብ። የሞተሩን ግፊት ስታሰሉ የሻጩን ቁጥር በ0.8 አባዙና ያንን ያዙ። ወረቀቱ ላይ 12 ኪሎ የሚገፋ የተባለ ሞተር ጅማ ላይ 9 ተኩል ኪሎ ገደማ የሚገፋ ነው በሉ።

እንግዲህ «ትልቁን ገዝቼ ልገላገል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ተጠንቀቁ። ትልቅ ሞተር አፍንጫውን ያከብደዋል፣ ያንን ለማመጣጠን ጅራት ላይ የእርሳስ ብረት ትጨምራላችሁ፣ አውሮፕላኑ ይከብዳል፣ የከበደ አውሮፕላን ደግሞ በሳሳ አየር ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ ያስደነግጣል። እዚህ ከፍታ ላይ ያው አውሮፕላን ያው ክብደት ይዞ እንኳ ባሕር ዳርቻ ከሚያርፍበት ፍጥነት 9 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ የእኔ ምክር ይሄ ነው፦ የአውሮፕላኑ አምራች ከዚህ እስከዚህ ሲሲ ብሎ ክልል ከሰጠ የክልሉን ላይኛ ጫፍ ያዙ፣ ከክልሉ ግን አትውጡ። ከዚያ በላይ ጉልበት ከፈለጋችሁ ቀለል ያለ አውሮፕላን ፈልጉ።

በግርድፉ ሲታይ 20 ሲሲ ከ5 እስከ 6 ኪሎ፣ 30 እና 35 ሲሲ ከ6 እስከ 8 ኪሎ፣ 50 እና 60 ሲሲ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ለሚመዝን አውሮፕላን ይሆናሉ። 100 እና 120 ሲሲው የክንፉ ርዝመት 2 ሜትር ከ60 ገደማ ለሆነ ግዙፍ ነው። እነዚህ ግን ከባሕር ዳርቻ የመጡ ቁጥሮች ስለሆኑ ጅማ ላይ የየክልሉን ቀላል ጫፍ ውሰዱ። 20 ሲሲውን ለጅማ አልመክርም። እሱ ዝቅተኛ ቦታ ላይም ቢሆን ትርፍ ጉልበት የለውም፣ እዚህ ሲደርስ ሳሩን ለቆ ለመነሳት ይቸገራል። ለጀማሪ 30 ወይም 35 ሲሲ፣ ልምድ ላለው 55 ሲሲ ጥሩ ነው።

ከሞተር አምራቾቹ ስሞች ዲኤልኢ ዋጋው ተመጣጣኝ ስለሆነ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ዲኤልኢ 30 እና ዲኤልኢ 55 ለረጅም ጊዜ የተሞከሩ ናቸው፣ መለዋወጫቸውም ይገኛል። ዴዘርት ኤርክራፍት አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ነው፣ ዋጋው ወፈር ይላል፣ አሠራሩ ግን ያስደስታል። ዜኖዋ ጂ62 ከበድ ያለ አሮጌ ዓይነት ነው፤ እሳቱን በማግኔቶ ራሱ ስለሚያመነጭ የኢግኒሽን ባትሪ አይፈልግም። ባትሪ እንደልብ ለማያገኝ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይቶ ፎር ስትሮክ ይሠራል። ድምፁ እውነተኛ አውሮፕላን ነው የሚመስለው፣ ግን ለዋጋውና ለክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል፣ ቫልቭም ማስተካከል አለ። ሳሳ ባለ አየር ላይ እኔ ቱ ስትሮክ ነው የምመርጠው።

ስለ ካርቡሬተር ደግሞ ጅማ ያላት ዕድል አለ። እነዚህ ሞተሮች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ዋልብሮ ወይም ዋልብሮን የመሰለ ካርቡሬተር ነው፣ የሞተር መጋዝ ላይ ያለው ዓይነት ማለት ነው። በአካባቢያችን መጋዝ የሚጠግን መካኒክ አይጠፋም። ውስጡ ያለው ስስ ዲያፍራም ሲደርቅ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንገጫገጫል ወይም ነዳጅ ስትሰጡት ይታፈናል። አንድ ጥሩ የመጋዝ መካኒክ አራት ብሎን ፈትቶ፣ ዲያፍራሙን በጣቱ ነካ አድርጎ «ደርቋል» ብሎ ይነግራችኋል። ለስላሳና ልል መሆን አለበት፤ እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ካርቡሬተሩ የተለመደ ዓይነት የሆነ ሞተር ምረጡ። የካርቡሬተሩን ሞዴል ቁጥር ጻፉና የጥገና ኪቱን አብራችሁ አስመጡ፣ ፖስታ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው።

ቤንዚኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ከማደያ በጀሪካን መቅዳት ላይፈቀድላችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ግን ለዚህ ሞተር አትንኩት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ነዳጁ ከጊዜው በፊት ይፈነዳና ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል። የሪሞት አውሮፕላን ሞተር መንገድ ዳር አቁመው አይጠግኑትም፣ የሚጠፋው አየር ላይ ነው። ቤንዚኑን በቀጭን ወንፊት አጣሩ። ዘይቱ የቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን፣ የመኪና ዘይት አይሆንም። ዲኤልኢ 30 ለ1 ይላል፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 167 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ሌሎች አምራቾች ሌላ ይላሉ፣ የሞተራችሁን ወረቀት ተከተሉ። የነዳጅ ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ መሆን አለበት፤ በአልኮል ነዳጅ ለሚሠሩት ትንንሽ ሞተሮች የሚሆነው የሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል።

ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ ለምትገዙ ይሄን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከጅማ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚያ የተስተካከለ ካርቡሬተር ጅማ ሲመጣ አየሩ ይወፍርበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ በደስታ ይጮሃል፣ ከዚያ ግሎ ፒስተኑን ይይዛል። አምጥታችሁ ወዲያው አታብሩት። የካርቡሬተሩን ሁለቱንም የቤንዚን ማስተካከያ መርፌዎች፣ የከፍተኛውንም የዝቅተኛውንም ዙር፣ በትንሹ ክፈቱ፣ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው፣ ከዚያ መሬት ላይ አስተካክሉ። ወደ ጋምቤላ ወርዳችሁ ለመብረር ካሰባችሁ አሁንም መክፈት ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ሞተር ግን በተቃራኒው ቤንዚን ስለሚበዛበት ያጨሳል፣ መርፌውን በጥቂቱ ዝጉት። ሁሌም መጨረሻ ላይ ትንሽ ቤንዚን በዝቶበት ቢቀር ይሻላል።

ያገለገለ ስትገዙ ካንዴላውን አስፈቱ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ፣ ነጭ ከሆነ ግሎ ኖሯል። ፕሮፔለር የሚታሰርበትን ዘንግ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል። በማርሚታው ቀዳዳ ፒስተኑን እዩ፣ ቁልቁል የተጫረ መስመር ካለ ተዉት። ካንዴላው ብዙውን ጊዜ ኤንጂኬ ሲኤም6 የሚባል ትንሽ ዓይነት ነው፤ እንደ ባጃጅ ካንዴላ ከየሱቁ የሚገኝ አይደለምና ትርፍ አስመጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት የአፍንጫውን ርዝመት ለኩ፦ ሞተሩ ከሚታሰርበት ኮምፔንሳቶ እስከ ፕሮፔለሩ ድረስ። ማርሚታው ጎን የሚወጣም ወደ ኋላ የሚወጣም አለ። የዲኤልኢ 55 ሁለቱም ይሠራል፤ ወደ ኋላ የሚወጣው ለጠባብ አፍንጫ ይመቻል፣ ግን ኋላ ቦታ ይፈልጋል። የሳሳ አየር ማቀዝቀዝም ያቅተዋል፣ ስለዚህ በአፍንጫው ሽፋን ላይ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከሚገባበት ቢያንስ በእጥፍ ይስፋ። የገባው አየርም ዝም ብሎ እንዳያልፍ በስስ እንጨት ከልላችሁ በሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሃል እንዲያልፍ አድርጉት።

ኢግኒሽኑን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከሪሲቨሩ፣ ማለትም የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው ዕቃ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፣ ባትሪውም ለብቻው ይሁን። ቮልቴጁ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ አንዳንዱ ከ6 ቮልት በላይ አይችልም። ከሪሞቱ ሆኖ እሳቱን የሚቆርጥ ማጥፊያ የሌለው የቤንዚን ሞተር አታብሩ። ይሄ በጀት የሚቀነስበት ቦታ አይደለም። የጅማን ሜዳ ታውቁታላችሁ፤ የሞተር ድምፅ በተሰማ በአምስት ደቂቃ ሕፃናት ይሰበሰባሉ፣ ከብትም ያቋርጣል። 22 ኢንች ፕሮፔለር በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር እጅ ይቆርጣል።

ፈቃድም አለ። ለሪሞት አውሮፕላን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ዕቃውን ለማስገባት ደግሞ ከሚመለከታቸው የጸጥታ አካላት ምን እንደሚያስፈልግ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ጉምሩክ ላይ ከተያዘ በኋላ መሯሯጥ ከባድ ነው። ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢም ራቁ። ከውጭ በሰው እጅ የምታስመጡ ከሆነ አዲስ፣ ቤንዚን ነክቶት የማያውቅ ሞተር ይሁን፤ ቤንዚን የሚሸት ሞተር አውሮፕላን ላይ አይጭኑላችሁም።

ሞተሩ እጃችሁ ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ታንኮች ቤንዚን ትንሽ አብዝታችሁ፣ ዙሩን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አስኪዱት። አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ነዳጅ አትስጡት። በክረምቱ ዝናብ ወራት የማትበሩ ከሆነ ታንኩን ባዶ አድርጉ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሩና ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩት፣ የጅማ እርጥበት ኩሽኔታን ያዝጋል። ከዝናቡ በኋላ መጀመሪያ ስታስነሱት ብሎኖቹን በሙሉ አጥብቁ፣ ግፊቱንም እንደገና መዝኑ።