ቀድሞ የመታ መንግሥት የሚያቀርበውን ምክንያት እንዴት እንመዝን?

ቀድሞ የተኮሰ መንግሥት ብዙውን ጊዜ «ሳይቃጠል በቅጠል» ባይ ነው። ከመፍረድ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተራ ማንሳት ይበጃል። በመጀመሪያው ጥያቄ የወደቀ ምክንያት በሌሎቹ አይድንም።

የተመድ ቻርተር አንቀጽ 51 ራስን መከላከል የሚፈቅደው የትጥቅ ጥቃት ሲደርስ ነው። ሊደርስ በተቃረበ ጥቃት ላይም ይሠራል የሚሉ ወገኖች የካሮላይንን ጉዳይ ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1837 የእንግሊዝ ኃይሎች ለካናዳ አማፂያን ስንቅ የምታመላልስ ካሮላይን የተባለች የአሜሪካ መርከብ አቃጠሉ፤ ራስን መከላከል ነውም አሉ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዳንኤል ዌብስተር በ1841 የሰጡት መልስ፣ አደጋው ቅጽበታዊና ሌላ አማራጭም ሆነ ማሰላሰያ ጊዜ የማይሰጥ መሆን አለበት የሚል ነበር።

አንደኛ፣ ጥቃቱ ምን ያህል ቀርቧል? ዛቻን፣ አቅምንና የተጀመረ እንቅስቃሴን ለያይታችሁ ጻፉ። ዛቻ ብቻውን አይበቃም፤ አቅምም እንዲሁ። በ1967 ግብፅ የተመድን ሰላም አስከባሪ ከሲና አስወጣች፣ የቲራንን ሰርጥ ለእስራኤል መርከቦች ዘጋች፣ ጦሯንም ድንበር ላይ አከማቸች። ጁን 5 ቀን እስራኤል የግብፅን አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንዳሉ መታች። ለቀድሞ መምታት ጥሩ ምሳሌ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ሆኖም በወቅቱ በእስራኤል ካቢኔ ውስጥ የነበሩት ሜናኸም ቤጊን በ1982 ባደረጉት ንግግር፣ የጦሩ መከማቸት የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር በእርግጥ ሊያጠቁ እንደነበር እንደማያረጋግጥ ተናግረዋል። በ1981 እስራኤል የመታችው የኢራቁ ኦሲራክ የኑክሌር ማብላያ ደግሞ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር፤ የጸጥታው ምክር ቤት ድርጊቱን በውሳኔ 487 በሙሉ ድምፅ አውግዟል።

ሁለተኛ፣ ሌላ መንገድ ነበር? ምቱ ቢሳካስ ምን ይተርፋል? በ1962 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አማካሪዎች መጀመሪያ ያዘነበሉት ኩባ ያሉትን የሶቪየት ሚሳይሎች በአየር ወደ መደብደብ ነበር። ኬኔዲ ሁሉም ይወድማሉ ወይ ብለው ሲጠይቁ የአየር ኃይሉ የታክቲክ ዕዝ አዛዥ ዋስትና መስጠት አልቻሉም፤ የባሕር ከበባው ተመረጠ። ደሴቷ ላይ ለጦር ሜዳ የሚውሉ የኑክሌር አረሮች እንደነበሩ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተራምዶት የሚያልፈው ይህንን ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፣ ማስረጃውን ከመቺው ሌላ ያየው አለ? ኢራቅ በ2003 የተወረረችው አላት በተባለ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት ነበር፤ ክምችቱ አልተገኘም።

ኢላማው ከአደጋው ጋር መመጣጠን እንዳለበትና ሲቪሎች መጠበቅ እንዳለባቸው ግልጽ ነው፤ አናንዛዛውም።

አለመምታትም ዋጋ አለው፤ እሱንም ቁጠሩት። በ1935 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለጣሊያን ሰበብ ላለመስጠት ጦራቸውን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አስወጡ። ጣሊያን ግን ኦክቶበር 3 ቀን መረብን ተሻገረች። የመንግሥታቱ ማኅበር ወራሪዋ ጣሊያን መሆኗን በቀናት ውስጥ አሳወቀ፣ ማዕቀብም ጣለ፤ ነዳጅ ግን በማዕቀቡ ውስጥ አልተካተተም።