የጣሪያ ውሃን ለጓሮ አትክልት እንዴት ማጠራቀም ይቻላል

ነሐሴ ላይ ውሃው በአሸንዳ ሲወርድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጥቅምት ሲገባ ግን ውሃ በፈረቃ ይሆናል፤ ጎመኑም ቆስጣውም ተራችን እስኪደርስ ይጠወልጋል። የክረምቱን ውሃ በጊዜ ይዘን ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው። ውሃ የምሰበስበው ከአንዱ ጎን ብቻ ነው፣ ወደ 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስትለኩ ተዳፋቱን ሳይሆን ጣሪያው ከላይ ሆኖ የሚሸፍነውን መሬት ለኩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ብቻ ከ200 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። ይህ ለኔ ጣሪያ 8,000 ሊትር ነው። የሚረጨውንና የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ እንኳ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ስድስት ጊዜ ይሞላል። ስለዚህ ውሃው አያሳስባችሁ። የሚያሳስበው ሮቶው የሚቆምበት ቦታ ነው።

አሸንዳ

አሸንዳ ካላችሁ ጥረጉት፣ ቀዳዳውን ድፈኑት። ከሌላችሁ ቆርቆሮ ሠሪ ጋር ሄዳችሁ በልክ አሠሩ። በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ወደ መውረጃው ዝቅ ይበል። ሲባጎ ወጥሮ ማየት ይበቃል።

መሠረት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናል። ያን ክብደት የሚሸከመው አፈሩ ነው።

የኔ ግቢ አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ሮቶ ያቆምኩት በግንቦት ነበር። መሬቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ጣቴ እስከ መጨረሻው ይገባ ነበር። ጠንካራ መስሎኝ ብሎኬቱን በቀጥታ አፈሩ ላይ ደረደርኩ። የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦም አልቀጠልኩም፤ ሲሞላ ከአፉ እየፈሰሰ እዚያው ሥሩ ይወርድ ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ስወጣ ሮቶው ወደ አጥሩ አዘንብሏል። የታችኛው ቧንቧ የሚገባበት ቦታ ተሰንጥቆ ውሃው በሙሉ አልቋል፤ የጎመኑን መደብም ጠርጎ ወስዶታል። ልጆች እዚያ አካባቢ ይጫወታሉ። በሰዓቱ ማንም ባይኖር ነው የተረፍነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከሮቶው ሰፋ አድርጋችሁ መረሬውን ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አውጡ። በምትኩ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) በስስ በስሱ እየሞላችሁ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ደልድሉ። አንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ ብቻ መደልደል አይሠራም፤ ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሁለት ረድፍ ብሎኬት አስገንቡ፤ ባልዲና ጀሪካን ከሥር እንዲገባ ይህን ያህል ከፍታ ይበቃል። በላዩ ብረት የገባበት 10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ይሞላ። የሮቶው መቀመጫ በሙሉ ኮንክሪቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ጠርዙ ከወጣ ፕላስቲኩ እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። በውሃ ልክ አራቱንም አቅጣጫ እዩ። ሮቶው ሞልቶ ካደረ በኋላ ደግሞ እንደገና ለኩ። የጭቃ ግድግዳ አጠገብ ፈጽሞ አታቁሙት።

የትርፍ ውሃ መውጫውም የመሠረቱ ሥራ አካል ነው። ከመግቢያው ያልጠበበ ቱቦ ይሁን፤ ውሃውን ቢያንስ ሦስት ሜትር አርቆ ይጣል። እኔ አሁን ወደ ጌሾው ሥር መርቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ውሃ

በጋውን ሙሉ ጣሪያው ላይ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የወፍ ኩስ ይከማቻል። የመጀመሪያው ዝናብ ያንን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ውሃው ወደ ሮቶ ከመግባቱ በፊት ቱቦው ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ግጠሙና ከሥሩ 2 ሜትር ርዝመት ያለው የ110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቁልቁል አውርዱ። ወደ 17 ሊትር ይይዛል። ቆሻሻው ውሃ እዚያ ይገባል፤ ሲሞላ የሚቀጥለው ንጹሕ ውሃ ወደ ሮቶ ያልፋል። ታችኛው ጫፍ ላይ የሚከፈት ክዳን አድርጉ። ክዳኑንም በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፤ ለሚቀጥለው ዝናብ ቀስ እያለ ራሱን ያራግፋል። ክዳኑን በሙጫ የሚያጣብቁ ሠራተኞች አሉ፤ አትፍቀዱ። ሳምንት ሳይሞላው በደለል ይደፈንና አገልግሎቱ ያበቃል።

ሮቶው ጥቁር ይሁን፤ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ያገለገለ በርሜል ከገዛችሁ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ተዉት።

መግቢያውንም የትርፉን መውጫም በጥቅጥቅ ወንፊት ሸፍኑ። ትንኝ ከእንቁላል ወጥታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አግኝቷታል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው።

ቧንቧውን ከሮቶው ታች አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ ደለሉ ከሥር ይቀራል። ሕፃናት እንዳይጠጡትም «ለአትክልት ብቻ» ብላችሁ ጻፉበት።

10 ካሬ ሜትር መደብ በደረቅ ወቅት በቀን 40 ሊትር ቢጠጣ፣ አንድ ሮቶ 25 ቀን ያደርሳል። ጠዋት በማለዳ ሥሩ ላይ ብቻ ካጠጣችሁና መደቡን በደረቅ ሣር ከሸፈናችሁ ከዚያም በላይ ይቆያል። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ይሞላል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ባዶ አድርጋችሁ ደለሉን እጠቡ፤ ያንን ጭቃ አትድፉት፣ የበሶብላው ሥር ጨምሩት።