«ላክሁ ይላል፣ አልገባም»፦ የስዊፍት ኮድ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ፒያሳ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ከሚመጣው ሰው ብዙው ኮፒ አይፈልግም። ውጭ አገር ያለ ዘመዱ በባንክ የላከለት ገንዘብ አልገባ ብሎት ስልኩን ይዘረጋልኛል። ስዊፍት ኮድ ማለት ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ተቀባዩን ባንክ የሚለይ ኮድ ነው። የሒሳብ ቁጥር ማመሳከሩን ታውቁበታላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ።

ምልክት፦ የላኪው አፕ «ኮዱ ስህተት ነው» ይላል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፤ «የደሴ ኮድ» ፍለጋ። ተዉት! ገንዘቡ የሚመጣው በባንኩ ዋና ኮድ ነው። እናንተ ጋ የሚያደርሰው የሒሳብ ቁጥሩ ነው።

የንግድ ባንክን እንይ፦ ሲቢኢቲ፣ ኢቲ፣ ኤኤ። ስምንት ፊደል። አራቱ ባንኩ፣ ኢቲ ኢትዮጵያ፣ ኤኤ የቦታ ምልክት። ሒሳቡ ደሴ ይከፈት ኮምቦልቻ፣ ኤኤ ያው ኤኤ ነው። አፑ 11 ፊደል ካልሞላ አላልፍም ካለ መጨረሻው ላይ ሦስት ኤክስ ጨምሩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

አንዲት እናት መጡ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ሦስት ቀን ሙሉ አፑ እየመለሰባት አልቅሳለች። ወረቀቱን ሳየው ኤኤ ተሰርዞ ዲኤስ ተጽፏል።

«እማማ፣ ይሄን ማን ጻፈልዎ?»

«የጎረቤት ልጅ ነው። ኤኤ አዲስ አበባ ነው፣ እርስዎ ያሉት ደሴ ነው ብሎ አስተካከለልኝ።»

አስተካከለ! ኤኤን መለስን፣ በዚያው ቀን ተላከ።

ኮምቦልቻ ያለ ደንበኛዬ ደግሞ የአዋሽን ኮድ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈ። ኤ፣ ደብሊዩ፣ አይ፣ ኤን... አይዋን ላኪው 1 ብሎ አነበባት። የእኛ ባንኮች ኮድ ውስጥ ኦ ካያችሁም ዜሮ አታድርጓት። በእጅ ጽፋችሁ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። በቴክስት ላኩ፣ ላኪው ኮፒ ያድርግ። ኮዱንም ከየድረ ገጹ አትልቀሙ፤ ከባንካችሁ ውሰዱ። ክፍት ቦታ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ አታስገቡ።

ምልክት፦ አይባን (አንዳንድ አገሮች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥር) ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ አይባን የላትም። የሒሳብ ቁጥሩን አስገቡ። ካልተቀበለ ላኪው ባንኩን ያናግር። «አይባን እናወጣለን» የሚል ገጽ ካያችሁ ዝጉት።

ምልክት፦ ከላኪው ወጥቷል፣ እዚህ የለም።

ላኪው ከባንኩ የክፍያ መልእክቱን ቅጂ ይጠይቅ፤ ባንኮች እርስ በርስ የሚላላኩት ማዘዣ ነው። እስከ 2025 (በፈረንጅ) ኤምቲ 103 ነበር፣ አሁን ፓክስ 008 ይባላል። የአፑ ስክሪንሾት አይረባም። ቅጂው ተቀባዩን ባንክ፣ የተቀባዩን ሒሳብና ስም ያሳያል፤ በድሮው ኤምቲ 103 መስመር 57 እና 59 ነበሩ። አንዱ ደንበኛዬ የሰጠው ሒሳብ የአንድ ባንክ፣ ኮዱ የሌላ ባንክ ነበር። ኮዱ ትክክለኛ ስለሆነ አፑ ዝም ብሎ አሳለፈው። ብሩ ሄዶ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ፣ ሲመለስም ተቆራርጦ።

ኮዱ ልክ ከሆነ ስሙን እዩ። ሙሐመድን አንዱ በኦ፣ አንዱ በዩ፣ አንዱ በሁለት ኤም ይጽፈዋል። ባንክ ደብተሩ ላይ እንዳለው፣ እስከ አያት ስም፣ ፊደል በፊደል ይሁን።

ጎድሎ ከመጣ፦ መሐል ያሉ ባንኮች ቆርጠዋል። ላኪው ክፍያውን እኔ እችላለሁ የሚለውን ይምረጥ።

በሐዋላ ድርጅት የሚላክ ከሆነ፦ ለጥሬ ገንዘብ የሚስጥር ቁጥሩና መታወቂያ ይበቃል፣ ስዊፍት አያስፈልግም።

ሒሳቡ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ከታገደ፦ መታወቂያ ይዛችሁ ቅርንጫፉ ሂዱ። እኔ ጋ አትምጡ፣ ያለኝ ፎቶ ኮፒ ማሽን ብቻ ነው።