ከፋብሪካ ወደ ምክር ቤት የሚሻገር ተደራዳሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ስሠራ ቆይቼ በመጀመሪያ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ተደራዳሪ፣ ከዚያም የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆኛለሁ። በዚህ መንገድ የሚከተሉኝ ወጣቶች እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቁ ማየት ስለ ሰለቸኝ ይህን ጽፌአለሁ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ማኅበሩ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪው ጋር የሚፈራረመውን የኅብረት ስምምነት ሜዳ ላይ ጥሎ ለምርጫ መሮጥ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የስምምነቱ ዘመን ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተቋጨ ስለ ደመወዝና ስለ ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች የሚናገሩት ድንጋጌዎች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። ይህን አሠሪው ጠንቅቆ ያውቃል፤ የማያውቀው ፎቶውን በየግድግዳው የሚለጥፈው ዕጩ ነው። እኔም አላወቅሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ አውቄ ዘንግቼዋለሁ። የሥራ አመራሩ «ምርጫው ይለፍና በእርጋታ እንነጋገራለን» ሲለኝ አክብሮት መስሎኝ አመሰገንሁ። ወንበሩን ይዤ ስመለስ ሰርቪስና ሕክምና የአመራሩ ችሮታ ሆነው ጠበቁኝ። የፈትል ክፍል እናቶች «እንኳን ደስ ያለህ» ያሉኝ ሰርቪሱ ቀርቶባቸው ከቱሉ ዲምቱ በእግራቸው በሚመላለሱበት ወር ነበር። ስለዚህ ተተኪያችሁን ከማሠልጠናችሁና ስምምነቱን ከማስመዝገባችሁ በፊት ለዕጩነት አትመዝገቡ።

የማኅበሩን ማኅተምና ቃለ ጉባኤ ቤታችሁ ይዛችሁ አትቅሩ።

የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል እናስወስናለን ብላችሁ ለወረዳ ምክር ቤት አትወዳደሩ። አዋጁ ይህን ሥራ የሚሰጠው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ነው። ወረዳ ላይ የሚያምርባችሁ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ለሚሄዱበት መንገድ መብራት መሟገት ነው፤ ይህ ትንሽ የሚመስለው ሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከፋብሪካ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ተሸንፋችሁ ማኩረፍም ስህተት ነው፤ ብራዚላዊው ሉላ ከቶርኖ ሠራተኝነትና ከማኅበር መሪነት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፕሬዚዳንትነት የተመረጠው ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ነው።

የመጨረሻው በድርድር ጠረጴዛ የለመድነውን ወገንተኝነት ይዞ መግባት ነው። እዚያ የምንናገረው ለአባሎቻችን ብቻ ነበር፤ ምክር ቤት ውስጥ ግን ጉልት ቸርቻሪዋም፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬም ወካዮቹ እኛ ነን። የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ ሲነሣ እኔ ከልማድ የተነሣ «ፋብሪካው ከተዘጋ ሠራተኛው ምን ይበላል?» ብዬ ተሟገትሁ። አንድ አዛውንት አትክልተኛ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ጠብቀውኝ «ልጄ፣ እኔም መርጬሃለሁ» አሉኝ። በሚቀጥለው ጉባኤ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ወንዙ እንዳይለቀቅ ጥያቄውን ያቀረብሁት እኔው ነኝ፤ የቀድሞ ባልደረቦቼ ግን ለወራት ሰላምታ ነፈጉኝ።