የሚሰጣበትን ሳያውቁ ምንጣፍ መግዛትና ሌሎች ስህተቶች

የመጀመሪያውን ትልቅ ምንጣፌን የገዛሁት በጥር ወር ነው። ሦስት ሜትር በአራት፣ ጸጉራም፣ ቀለሙ እንደ አሬራ የነጣ። መርካቶ ውስጥ ሻጩ ከቁልሉ ላይ አውርዶ ሲዘረጋልኝ ጫማዬን አውልቄ ረገጥሁትና ዋጋ መከራከሩን እንኳ ረሳሁ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሁለት ወዛደሮች እያለከለኩ አወጡልኝ። በሐምሌ አንድ ድስት ሽሮ ተደፋበት። ሻጩም እኔም ያላነሣነው ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ይህ ነገር የት ይታጠባል? ታጥቦስ የት ይሰጣል?

ቀደም ሲል በየቤቱ ይነጠፉ የነበሩት አጎዛ፣ ጀንዲና ሰሌን አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ጠዋት ይነሣሉ፣ ይራገፋሉ፣ ፀሐይ ይመታቸዋል። ዛሬ በየሳሎኑ የማየው የምንጣፍ ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ማንሣት የማንችለውን ነገር ከማንጠፍ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን ደግሞ ምንጣፍ ሲያማርጡ አብሬያቸው ከዞርሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች ቤት አይቻቸዋለሁ።

የሚታጠብበትንና የሚሰጣበትን ቦታ ሳያስቡ መግዛት

በማሽን የሚሠሩ ምንጣፎች ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር 2 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። ሦስት በአራት ማለት 12 ካሬ ነው፤ ደረቁን 24 ኪሎና ከዚያ በላይ ሆነ ማለት ነው። ውኃ ከጠጣ በኋላ ለሁለት ሰው እንኳ ያስቸግራል። ግቢ ላለው ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ አጥሩ ላይ ጣል ያደርገዋል። ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝና በጀሪካን ለሚያጠራቅም ሰው ግን አንድ ትልቅ ምንጣፍ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛት ይሻላል። ለምሳሌ አንዱ 2 በ3፣ ሌላው 1.60 በ2.30። እያንዳንዱን ጠቅልሎ ማንሣት ይቻላል፤ አንዱ ሲታጠብ ሳሎኑ ባዶውን አይቀርም።

ምንጣፍ አጥቦ የሚመልስ ድርጅት ቢኖርም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ውኃውን የሚጨምቅ ማሽን አለው ወይስ ቆጥ ላይ ሰቅሎ ፀሐይ ይጠብቃል? በክረምት ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእኔ ሽሮ የተደፋበት ምንጣፍ ነሐሴን ሙሉ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ፤ ሲመለስ የረጠበ ውሻ ይሸት ነበር። ላዩ ደርቆ ጀርባው እርጥብ የሆነ ምንጣፍ መጨረሻው ይኸው ነው።

ለእንቁጣጣሽ ብሎ በጳጉሜን ምንጣፍ ማጠብም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ልማዱ ያምራል፤ ሰማዩ ግን ገና አልተከፈተም። ለበዓሉ ጀርባውን መትቶ ማራገፍና ላዩን በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ዋናው እጥበት ለጥቅምት ይቆይ፤ ወይም ዝናቡ ሳይገባ አስቀድሞ ይለቅ።

ወለሉን አለማየት

ሰው ግድግዳውን፣ መጋረጃውንና ሶፋውን አይቶ ምንጣፍ ይመርጣል። ምንጣፉ የሚያርፈው ግን ወለል ላይ ነው። ምድር ቤት የሚኖር ከሆነ፣ በተለይም ወለሉ ሲሚንቶ ብቻ ከሆነ፣ ከሥር የሚመጣ እርጥበት መኖር አለመኖሩን ሳያረጋግጥ ምንም ባያነጥፍ ይመረጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አስቀምጦ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ማሸግና አንድ ቀን ሙሉ መተው። ሲያነሡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ ውኃ እየተነፈሰ ነው። ችግሩ ምንጣፍ በመቀየር አይፈታም።

አዲስ የተሠራ ወለልም ጊዜ ይፈልጋል። የግንባታ ሰዎች በጥቅሉ ለአንድ ሴንቲሜትር ውፍረት አሥር ቀን ያህል ይሰጡታል፤ አምስት ሴንቲሜትር ልስን ሃምሳ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ። ቁልፍ በተረከቡ በሳምንቱ ማንጠፍ ሻጋታን መጋበዝ ነው።

ብዙ ቤት የማየው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ መጀመሪያ በሜትር የሚሸጠው ፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ከዓመታት በኋላ በእርሱ ላይ ጸጉራም ምንጣፍ ይደረባል። ሁለቱ መካከል የገባ ውኃ መውጫ የለውም። ሴራሚክ ላይ የሚመጣው ጉዳት ሌላ ነው፤ ምንጣፉ ይንሸራተታል፣ አረጋውያን ይወድቃሉ። ከሥሩ የማያንሸራትት ስስ መረብ ማድረግ ከምንጣፉ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የድሮ ጣውላ ወለል ያለው ቤት የሚኖሩ ደግሞ ሰም ከቀቡ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ አይመልሱት፤ የምንጣፉ ጀርባ ይጠጣዋል።

በዓይን መለካት

ሱቅ ውስጥ ትንሽ የመሰለው ቤት ሲገባ ትልቅ ይሆናል፤ ትልቅ የመሰለውም ከጠረጴዛው ሥር እንደ ቴምብር ተለጥፎ ይቀራል። ሜትር ይዞ ቁጥር መጻፍ ጥሩ ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ጋዜጣ አገጣጥሞ ወይም በጠመኔ አስምሮ የምንጣፉን ልክ ወለሉ ላይ ማየትና አንድ ቀን እየተራመዱበት መዋል ነው። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ ቢያርፉ ምንጣፉም አይሸሽም፣ ክፍሉም የተበታተነ አይመስልም።

በሩን እንዳይረሱ። በበሩና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ነው? ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎ በሩ አልከፈት ሲል አናጺ ጠርቶ ታችኛውን ማስላግ የተለመደ ሆኗል። ምንጣፉ ሲቀየር ግን የተላገው እንጨት አይመለስም።

«የቱርክ ነው» ብሎ ማመን

መርካቶ ሲገቡ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ውሸት ላይሆን ይችላል። ቱርክ ውስጥ ጋዚያንቴፕ የምትባለው ከተማ በማሽን የሚሠራ ምንጣፍ ለብዙ አገር ትልካለች። ነገር ግን ያቺው ከተማ ሁለት ዓመት የማይቆየውንም፣ ልጅ አሳድጎ የሚያልፈውንም ትሠራለች። ስለዚህ የአገሩን ስም ትተው ምንጣፉን ይገልብጡት። ጀርባው ላይ ክሮቹ የተጠጋጉ ናቸው? ጸጉሩን ወደ ኋላ አጥፈው ሲያዩት ሥሩ ያለው ሸራ ወዲያው ብቅ ካለ ክሩ ሳስቷል፤ የሚረገጥበት ቦታ ቶሎ ይመለጣል። ረጅም ጸጉር ጥራት አይደለም። አጭርና ጥቅጥቅ ያለው ለሳሎን ይበልጣል፤ ፍርፋሪም አይደብቅም።

ክሩ ምን እንደሆነ ምልክቱ ላይ ተጽፏል፤ ከተጠራጠሩ ከዳር አንድ ክር መዝዘው ውጭ በክብሪት ያቃጥሉት። የበግ ጸጉር ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረካከሳል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ክር ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ዶቃ ይደርቃል። «ሐር ነው» ተብሎ የሚቀርበው የሚያብረቀርቅ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ወይም ቪስኮስ (ከእንጨት የሚወጣ ሰው ሠራሽ ክር) ነው። ቪስኮስ ሲረጥብ ይደክማል፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ ቡናማ ክብ ይተውበታል። ልጅ ላለበት ቤት አልመክረውም።

በቀለም ረገድ አንድ ነገር ብቻ፤ የሶፋዎን ትራስ ልብስ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሻጩ እየተቆጣም ቢሆን ምንጣፉን ከሱቁ አምፖል ሥር ወደ ደጅ ያስወጡት።

የመንዝ በግ ጸጉር ምንጣፍ የሚወድ ሰው ደብረ ብርሃን ድረስ ቢሄድ አይጸጸትም። በተፈጥሮ ቀለሙ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቡናማው ቡናማ ሆኖ የተሠራው ቀለም የሚለቅ ነገር የለውም። ግን ሁለት ነገር ይወቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸጉር ያራግፋል፣ ይህ ጉድለት አይደለም። ሁለተኛው ብል ነው። ብል የሚወደው ጨለማና ጸጥታ ያለበትን፣ ማለትም ከቁም ሣጥን ሥር የገባውን ጫፍ ነው። እየገለበጡ ፀሐይ ላይ ከማውጣት የሚበልጥ መድኃኒት አላየሁም።

ለቡናው ቦታ አለመተው

በእኛ አገር ቤት ምንጣፍን የሚገድለው ጫማ አይደለም፤ ፍም ነው። አብዛኛው ምንጣፋችን ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እርሱ የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የከሰል ፍም ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። አንዲት ፍንጣሪ ጀበናው ሥር ከምድጃው ዘላ ስትወርድ ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አይገኝም። የቀለጠ ቦታ አይታጠብም፤ ጫፉ ብቻ ከሆነ በትንሽ መቀስ ይከረከማል፣ ሥሩ ከደረሰ በቁራጭ መጣፍ ነው።

ብዙ ሰው በቡና ሰዓት የምንጣፉን ጥግ ያጥፈዋል። ሲደጋገም ጀርባው ይሰበርና ያ መስመር ዳግመኛ አይስተካከልም። መፍትሔው ሲገዙ ማሰብ ነው፤ ረከቦቱ ዘወትር የሚቀመጥበትን አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ቦታ ከምንጣፉ ውጭ ማድረግ። የምንጣፉ ልክ ከዚያ ተነሥቶ ይወጣል። ቦታ ከጠፋም ሰፊ የብረት ትሪ ምድጃውን ከነእግሩ ይያዝ። ለዕጣን ማጨሻውም እንዲሁ። ቄጠማ ደግሞ በበዓል ዋዜማ ተጎዝጉዞ እስከ ማግስቱ ከዋለ አረንጓዴ ውኃው ወደ ክሩ ይገባል፤ ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ባዶው ወለል ላይ ይጎዝጎዝ። የሻማ ሰም ሲንጠባጠብም በጋለ ካውያ ለማቅለጥ አይሞክሩ። ሰሙን ብቻ ሳይሆን ምንጣፉንም ነው የሚያቀልጡት። በበረዶ አድርቀው በማንኪያ ጫፍ ይፈርፍሩት።

ሞኬትን በማጣበቂያ መለጠፍ

ዳር እስከ ዳር የሚነጠፈውን ሞኬት ለመኖሪያ ቤት አልወደውም፤ ምክንያቴም ቧንቧ ነው። ውኃ ሲጠፋ ክፍት የቀረ ቧንቧ ሌሊት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ጠዋት ሲነሡ የሳሎኑ ምንጣፍ ተንሳፍፎ ያገኙታል። ተነቃይ ከሆነ ይጠቀለላል። ሙሉው ሙጫ ከተለቀለቀ ግን ቀድዶ ማውጣት ነው፤ የሙጫው ቅሪት ደግሞ ወለሉን ለወራት ያስፍቃል።

የግድ ካሉ ሁለት ፊት የሚያጣብቅ ቴፕ በጠርዙና በመጋጠሚያው ብቻ ያድርጉ። ሞኬት ብዙውን ጊዜ በ4 ሜትር ስፋት ስለሚመጣ ሰፊ ክፍል መጋጠሚያ አይቀርለትም። ሁለቱ ቁራጮች ጸጉራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ በእጅ ዳብሰው ይለዩት። አንዱ ከተገለበጠ ቀለሙ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ጨርቅ ይመስላል፤ ያንጊዜ ሠራተኛው ሲረገጥ ይስተካከላል ይላል። አይስተካከልም። መጋጠሚያው በር ላይ አይዋል። ትራፊውንም አይስጡ፤ ፍም የወደቀበት ቀን መጣፊያ ይሆናል።

በረኪናና ፈተጋ

ወጥ ሲደፋ መፈተግ ዘይቱንና በርበሬውን ወደ ሥር ያወርደዋል። ጥሬውን በማንኪያ ያንሡ፣ ዘይቱ ላይ ዱቄት ነስንሰው ይተዉት፣ ከዚያ ከዳር ወደ መሐል በነጭ ጨርቅ እየተጫኑ ይምጠጡ። ቀዝቃዛ ውኃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ይበቃል። በረኪና የበግ ጸጉርን ቃል በቃል ይበላዋል፤ ሌላውንም ሊያነጣው ይችላል። ጀርባው የጆንያ ዓይነት ክር ያለው ምንጣፍ ውኃ ሲበዛበት ቡናማ ቀለም ወደ ላይ ይሰድዳል፤ እንዲህ ያለውን አይንከሩት።

አሮጌው ላይ አዲሱን መደረብ

ለስለስ ይላል፣ ብርድ ይከላከላል ይባላል። የታችኛው ግን የዓመታት አቧራ፣ በረሮና እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ አዲሱም በተበላው ጎድጓዳ ቅርጽ ይረገጣል። አሮጌውን ያውጡ፣ ወለሉን ጥቂት ቀን ባዶውን ይተዉት፣ በመስኮት ፀሐይ የሚመታውን ቦታም ያን ጊዜ ያዩታል። አዲሱን በየስድስት ወሩ ከጫፍ ጫፍ ካዞሩት የደበዘዘውና የተረገጠው እኩል ይሆናል። ለማቆየት ከፈለጉም ይጠቅልሉት እንጂ አያጥፉት።

አሮጌው ሁሉ አይጣል። መሐሉ አልቆ ዳሩ ደህና የሆነ ምንጣፍ ተቆርጦ ለመኝታ ቤት ይሆናል፤ ጠርዙን በማሽን ማሰፋት የግድ ነው፣ አለዚያ በወሩ ይተረተራል። ያ አሬራ የመሰለው ምንጣፌ ሽሮ የነካውን መሐል ትቶ አራት ቁራጭ ወጣው። አንዱ አልጋዬ ሥር ነው፤ ጠዋት አንሥቼ በረንዳው ላይ አራግፈዋለሁ።